ለአንታርክቲካ ትልቁ ተራራ ጫፍ ሌላ ስም ፈልጉለት

ለአሜሪካ የጂኦግራፊ ስሞች ቦርድ
ሬስተን፣ ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ የቪንሰን ተራራ ጫፍ ስም እንዲለወጥ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ!

ሳላንዛዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንታርክቲካ ውስጥ ካሉት ተራሮች ሁሉ ትልቁ 4,892 ሜትር ከፍታ አለው። ቪንሰን ይባላል። ስሙን ያወጣችሁለት እናንተ ናችሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ለዚህ ተራራ ጫፍ ሌላ ስም ፈልጉለት። ሰፊው ተራራ በጠቅላላው ቪንሰን መባሉን ይቀጥል ብትሉ አልከራከርም። ጫፉ ግን የአንድ አህጉር ከፍተኛው ነጥብ ነው። ይህን ስም መሸከም የለበትም ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ይህንኑ ደብዳቤ በእንግሊዝኛም እልክላችኋለሁ። እዚህ በአማርኛ የምጽፈው ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ከቢሯችሁ ብዙም ሳይርቅ፣ አሌክሳንድሪያ ብትሉ፣ ፎልስ ቸርች ብትሉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብትሉ፣ አማርኛ የሚያነብ ሰው ሞልቷል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ግብር ይከፍላሉ፣ ይመርጣሉ፣ ልጆቻቸው እዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ይማራሉ። ለእናንተ የስም ሐሳብ ለማቅረብ ደግሞ ባለሥልጣን መሆን አያስፈልግም፤ ምክንያቱን አስረድቶ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ማቅረብ ይችላል። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም።

ከመቀጠሌ በፊት፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

"አበሻ ስለ ደቡብ ዋልታ ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ኢትዮጵያ የአንታርክቲካ ስምምነት አባል አይደለችም። ስምምነቱን በ1959 ዋሽንግተን ላይ ከፈረሙት 12 አገሮች መካከል ከአፍሪካ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት፤ እሷም ያኔ በአፓርታይድ ሥር ነበረች። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበርንም። ከሩቅ የመጣ ሰው ካርታ ላይ ስም ሲጽፍ ምን እንደሚሆን ግን እናውቀዋለን። በ1888 ቴሌኪና ፎን ሄነል የሚባሉ ሁለት የኦስትሪያ ሃንጋሪ ተጓዦች በኬንያ በኩል መጥተው ወደኛ አገር ዳርቻ ደረሱ፤ ያገኙትን ትልቅ ሐይቅ በአልጋ ወራሻቸው ስም ሩዶልፍ አሉት፤ ጨው ባሕርን ደግሞ በአልጋ ወራሹ ሚስት ስም ስቴፋኒ ብለው መዘገቡት። ሐይቆቹ ዳር የሚኖረው ሕዝብ የራሱ ስሞች ነበሩት። ኬንያ በ1975 ሩዶልፍን ቱርካና ብላ አስተካክላለች። ጨው ባሕር ግን እስከ ዛሬ ስቴፋኒ ተብሎ የተጻፈበት የውጭ ካርታ ይገጥመኛል፤ ባየሁት ቁጥርም ያናድደኛል።

የቪንሰን ነገር ከዚህ የሚለየው በአንድ ነጥብ ነው። እዚያ ዳር የሚኖር ሕዝብ የለም። ዴናሊን የአላስካ ነባር ሕዝቦች ቀድመው ዴናሊ ብለውታል፤ ኤቨረስትንም ቲቤቶች ቾሞሉንግማ ይሉታል። አንታርክቲካ ውስጥ ግን "የጥንት ስሙ ይመለስ" ብሎ አቤት የሚል የአገሬው ሰው የለም። ስሙ ሳይነካ የቆየውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ተቆርቋሪ ስለሌለው። እኔ ደግሞ ነዋሪ የሌለው ቦታ ላይ ስም ሲወጣ ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል ባይ ነኝ፤ ስሕተት ቢፈጠር ከስም አውጪው በቀር የሚያርመው የለማ።

ታሪኩን ከሥሩ እናንሳው።

በኖቬምበር 1935 ሊንከን ኤልስዎርዝ የሚባል አሜሪካዊ ከአብራሪው ከኸርበርት ሆሊክ ኬንየን ጋር ፖላር ስታር በምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን አንታርክቲካን ለማቋረጥ ተነሳ። በመንገዱ ላይ ከበረዶው መሀል ብቻውን የቆመ የተራራ ሰንሰለት አየ። ሴንቲኔል አለው። ከጫፎቹ አንዱንም በሚስቱ ስም ሜሪ ሉዊዝ አልመር ብሎ ጠራው፤ ዛሬም ካርታ ላይ አልመር ተብሎ አለ። በዚያው በረራ ቀደም ብሎ ያያቸውን ሌሎች ሦስት ተራሮች ደግሞ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ብሎ ሰየማቸው። የቆሮንቶስን መልእክት ላነበበ ሰው ከየት እንዳመጣው ግልጽ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከሰንሰለቱ ትልቁ ተራራ ግን ያኔ አልታወቀም። ከ20 ዓመት በላይ ማንም ሳያውቀው ቆየ። የዓለም ሳይንቲስቶች በ1957 እና በ1958 ምድርን በጋራ ለማጥናት ሲስማሙ በቻርልስ ቤንትሊ የሚመራ ቡድን በርድ ከሚባለው የአሜሪካ የአንታርክቲካ ጣቢያ ተነስቶ፣ በሰንሰለት በሚሄዱ ተሽከርካሪዎች በረዶውን እያቋረጠ ሴንቲኔል ድረስ ሄደ። ሥራቸው አድካሚ ነበር። በየመንገዱ ይቆማሉ፣ በረዶውን ይቆፍራሉ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ፈንጂ ያፈነዳሉ። የፍንዳታው ሞገድ በረዶውን ዘልቆ፣ ከሥር ካለው ዓለት ጋር ተላትሞ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ በመሣሪያ ይመዘግባሉ። ከዚያች ቁራጭ ጊዜ ተነስተው የበረዶውን ውፍረት ያሰላሉ። ከዚያ እንደገና ጉዞ። ዛሬ በቤንትሊ ስም የሚጠራው ከበረዶ ሥር ያለ ሸለቆ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከላይ ሲታይ ግን ሜዳ ነው፣ ነጭ ሜዳ።

በዚያው ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች አካባቢውን ከላይ ፎቶ ያነሱ ነበር። አንድ ካሜራ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘመም ብለው፣ ከአድማስ እስከ አድማስ ይይዛሉ። በኋላ ቢሮ ውስጥ ፎቶዎቹን እርስ በርስ እያዛመዱ የተራሮቹን ቦታና ቁመት ያሰሏቸዋል። ስሌቱ እንዲይዝ ግን መሬት ላይ ሰው ቆሞ በትክክል የለካቸው ነጥቦች ያስፈልጋሉ። በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ እነዚህ ነጥቦች በጣም ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ የተራራው ቁመት 5,140 ሜትር ተብሎ ተጻፈ። በ1961 ደግሞ የአንታርክቲካ ስሞች አማካሪ ኮሚቴያችሁ ተራራውን ቪንሰን አለው።

ልብ በሉ፣ ስሙ ሲወጣለት ሰው እግሩን አላሳረፈበትም። ቁመቱም በ250 ሜትር ገደማ የተሳሳተ ነበር።

መጀመሪያ ጫፉ ላይ የደረሱት ባሪ ኮርቤት፣ ጆን ኤቫንስ፣ ዊሊያም ሎንግና ፒት ሾይኒንግ ናቸው። ኒኮላስ ክሊንች የመራው የአሜሪካ ቡድን አባላት ነበሩ፤ ቀኑም ዲሴምበር 18 ቀን 1966። ሎንግ ያኔ ለቦታው አዲስ ሰው አልነበረም፤ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ከቤንትሊ ጋር በረዶውን ካቋረጡት አንዱ ነው። ኮርቤትና ኤቫንስ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአህጉሩን ሁለተኛ ትልቅ ተራራ፣ 4,852 ሜትር የሆነውን ታይሪንም ወጡት።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። በ1979 እና 80 በተደረገ ቅየሳ 5,140 የነበረው 4,897 ሆነ። በ2004 አውስትራሊያዊው ዴሚየን ጊልዲ ከሁለት የቺሊ ተራራ ወጪዎች ጋር ጂፒኤስ ተሸክሞ ወጣ። ይህ ጂፒኤስ ስልካችን ውስጥ ያለው ዓይነት አይደለም። ቀያሾች የሚጠቀሙበት ነው፤ ጫፉ ላይ ተተክሎ፣ በዚያ ብርድ ባትሪው ሳይሞት፣ የሳተላይቶቹን ምልክት ለረጅም ሰዓት መቅዳት አለበት። እንዲያም ሆኖ መሣሪያው የሚሰጠው ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ቁመት አይደለም። ምድርን ለስላሳ ቅርጽ እንዳላት ቆጥሮ ከዚያ ገጽ በላይ ያለውን ነው የሚነግረን። ባሕር እዚያ ቦታ ድረስ ቢዘልቅ ኖሮ ወለሉ የት ላይ ይሆን ነበር የሚለው በስበት ስሌት ይገመትና ቁጥሩ በዚያ ይስተካከላል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ 4,892 ሜትር የሚለው ተገኘ። ሺን የሚባለው ጎረቤት ተራራ ደግሞ ከ4,800 በላይ ይባል የነበረው ወደ 4,661 ወረደ። ከዚህ ሥራ የሴንቲኔል አካባቢ በ1፡50,000 መጠን የተዘጋጀ ካርታ ወጣ። የኮንቱር መስመሮቹን ጣቴን እያስኬድኩ ስከተል ሰው ለአንድ ባዶ ቦታ ይህን ያህል መልፋቱ ያስደንቀኛል።

ቁጥሩን ስታርሙ ማንም አልተከፋም። እኛም ትምህርት ቤት ራስ ዳሽን 4,620 ሜትር ነው ብለን ነው የሸመደድነው፤ አሁን 4,550 ነው የሚባለው። አገር አልፈረሰም። ካርታ እንዲህ ነው፤ የተሻለ ነገር ሲታወቅ ይታረማል። ስም ደግሞ የካርታው ግማሽ አካል ነው። ቁጥሩ ይታረም፣ ስሙ ግን አይነካ የሚለው አሠራር ለኔ አይገባኝም።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። ሚዛናዊ ለመሆን እሞክራለሁ።

ካርል ቪንሰን ከጆርጂያ ግዛት የተመረጠ የምክር ቤት አባል ነበር። ከ1914 እስከ 1965 መጀመሪያ ድረስ፣ ከ50 ዓመት በላይ፣ እዚያ ተቀምጧል። መጀመሪያ የባሕር ኃይል ጉዳዮች ኮሚቴን፣ በኋላም የጦር ኃይሎች ኮሚቴን በሊቀመንበርነት መርቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የአሜሪካ ባሕር ኃይል እንዲገነባ ከገፉት ሰዎች ዋናው እሱ ነው። ከ1935 እስከ 1961 ድረስም መንግሥት ለአንታርክቲካ አሰሳ ድጋፍ እንዲሰጥ ረድቷል። ይህንን አልክድም። ያለ ባሕር ኃይሉ አውሮፕላንና መርከብ ቤንትሊም ሆነ ክሊንች የትም አይደርሱም ነበር። ስሙን ስታወጡ የጻፋችሁት ምክንያትም ይኸው ድጋፉ ነው።

ግን ሁለት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ስሙ በወጣበት በ1961 ሰውዬው በሕይወት ያለ ብቻ ሳይሆን ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ነበር። የአንታርክቲካን ጉዞ የሚያጓጉዘው ባሕር ኃይሉ ነው፤ የባሕር ኃይሉን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ ሊቀመንበር ደግሞ እሱ ነው። ዛሬ በአገራችሁ ውስጥ ላለ ኮረብታ የሰው ስም ለመስጠት ሰውዬው ከሞተ ቢያንስ 5 ዓመት ማለፍ አለበት የምትሉት እናንተው ናችሁ። ጥሩ ደንብ ነው። ለአንድ ትንሽ ኮረብታ ይህን ያህል ከተጠነቀቃችሁ ለአንድ አህጉር ጣሪያ እንዴት አይሆንም? ለአንታርክቲካ ያወጣችሁት መመሪያም ቢሆን የዝምድናና የወዳጅነት ስም አይበረታታም፣ የተንሸራታች ጎታች ውሻና የቤት እንስሳ ስምም አይሰጥም ይላል፤ የስሙ ክብደትም ሰውዬው ከሠራው ሥራ ጋር ይመጣጠን ይላል። እኔ የምለው በራሳችሁ መመሪያ ሂዱ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያመኛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታችሁ በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። በ1956 ከደቡብ ግዛቶች የመጡ 100 ገደማ የሕዝብ ተወካዮችና ሴናተሮች ይህን ፍርድ በመቃወም የደቡቡ ማኒፌስቶ የሚባለውን ሰነድ ፈረሙ። ካርል ቪንሰን ከፈራሚዎቹ አንዱ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ስሙ አንታርክቲካ አናት ላይ ወጣ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የአበሻ ልጆች የሰባቱን አህጉራት ትልልቅ ተራሮች ሲያጠኑ ይህን ስም ይሸመድዳሉ። ሰውዬው በ1956 ያሰበው ቢሳካለት እነዚህ ልጆች ከነጭ ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ባልተቀመጡ ነበር። ይህን እያወቅሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሌላም አለ። የአንታርክቲካ ስምምነት አንደኛው አንቀጽ አህጉሩ ለሰላማዊ ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል። የጦር ሰፈር መገንባት፣ የጦር ልምምድ ማድረግ፣ መሣሪያ መሞከር ክልክል ነው። የኑክሌር ፍንዳታም ክልክል ነው። ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው በጁን 1961 ነው፤ ተራራው ስም ባገኘበት በዚያው ዓመት። ጦር የማይገባበት የአህጉሩ ከፍተኛ ነጥብ ታዲያ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ሊቀመንበርን ስም ይዞ ቆመ። ዛሬ ስሙን ብትፈልጉት ተራራውን ከማግኘታችሁ በፊት በኑክሌር የምትንቀሳቀስ የጦር መርከብ ታገኛላችሁ፤ ካርል ቪንሰን የምትባለው አውሮፕላን ተሸካሚ። ሰላም ብላችሁ ፈርማችሁ ይህን ስም ከላዩ ላይ ማስቀመጥ አይሄድም።

"ታሪክ መሰረዝ ነው" እንደምትሉኝ እገምታለሁ። አይደለም። መርከቧ አለች። ጆርጂያ ውስጥ በስሙ የተሰየመ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል አለ። እኔ እንዳልኩት ከሄድን ደግሞ 21 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ግዙፍ ተራራም በስሙ ይቀራል። ለባሕር ኃይል ሥራው ይህ አይበቃም?

በዚህ ላይ መንገዱን ራሳችሁ ከፍታችሁታል። በኖቬምበር 2006 ተራራው በጠቅላላውና ጫፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብላችሁ ወሰናችሁ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ያን ጊዜ ጫፉ ለብቻው ስም የሚያስፈልገው አዲስ ቦታ ሆኖ ከፊታችሁ ቀርቦ ነበር። እናንተ ግን ያንኑ ስም ደገማችሁት። ሰፊውም ቪንሰን፣ ጫፉም ቪንሰን። በዙሪያው ላሉት ትንንሽ ጫፎች ግን ስም ስትሰጡ አስባችሁበታል፤ ኮርቤት፣ ሾይኒንግ፣ ክሊንች፣ ሲልቨርስታይን ተብለዋል፣ ሁሉም የ1966ቱ ቡድን ሰዎች ናቸው። ሰንሰለቱ ውስጥ ወደ ሰሜን ስንሄድም ቤንትሊ አለ፣ አብሮት የሠራው ኦስቴንሶ አለ፣ የሎንግ ወንድማማቾች ስም አለ። የሺን ተራራ የተሰየመለት ኮንራድ ሺን በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ደቡብ ዋልታ ላይ አውሮፕላን ያሳረፈው አብራሪ ነው። እነዚህ ስሞች ደስ ይላሉ። እያንዳንዱ ሰው እዚያ ብርድ ውስጥ አንድ ነገር ሠርቷል። ዝቅ ዝቅ ያሉት ለሠሩት፣ ከሁሉ የበላዩ ደግሞ ለፖለቲከኛ።

ከተራራ ወጪዎች የሚመጣውን ተቃውሞም አውቃለሁ። ሰባቱን ጫፎች የሚወጡ ሰዎች በየዓመቱ ዩኒየን ግላሲየር በሚባለው የአንታርክቲካ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደዚያ ይሄዳሉ፤ መጽሐፉም፣ የጉዞ ወረቀቱም፣ የነፍስ አድን ጥሪውም ቪንሰን ነው የሚለው። አደጋ ላይ ያለ ሰው በስም መምታታት መጎዳት የለበትም። ሰፊው ተራራ ስሙን ይዞ ይቀጥል ያልኩትም አንዱ ለዚህ ነው። አውሮፕላኑ ሊያነሳህ የሚመጣው ወደ ቪንሰን ነው፤ አናቱ ላይ የምትቆምበት ነጥብ ግን ሌላ ስም አለው። ማንም አይጠፋም። ኮሎራዶ ውስጥ ማውንት ኢቫንስ በ2023 ብሉ ስካይ ሲባል፣ በቀጣዩ ዓመት ክሊንግማንስ ዶም ወደ ቸሮኪዎች ስሙ ወደ ኩዎሂ ሲመለስ፣ ድምፅ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። በ2022 የነባር ሕዝብ ሴቶችን የሚሰድብ ቃል የነበረባቸው ወደ 650 የሚጠጉ የቦታ ስሞች በአንድ ጊዜ ተለውጠዋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነው።

የዴናሊን ነገር የሚያነሳም ይኖራል። በ2015 ዴናሊ፣ በ2025 ተመልሶ ማኪንሊ። መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ስም የሚቀየር ከሆነ ካርታ ዋጋ የለውም፣ በዚህ እስማማለሁ። መፍትሔው ግን ጉዳዩን አለመንካት አይደለም። አንታርክቲካ የአንድ አገር አይደለችም፤ ስለዚህ ስሙን ከሌሎቹ ጋር ሆናችሁ ምረጡት። በጋራ የተመረጠ ስም አንድ ፕሬዝዳንት በፊርማው የሚገለብጠው አይሆንም።

ይህ ሌላም ጥቅም አለው። በካምብሪጅ የሚገኘው የአንታርክቲካ ምርምር ሳይንሳዊ ኮሚቴ የአገሮችን ስሞች ሁሉ በአንድ መዝገብ ይሰበስባል። መዝገቡ ውስጥ ከ35,000 በላይ ስሞች አሉ፤ ቦታዎቹ ግን 20,000 ገደማ ናቸው። አንዱ ባሕረ ሰላጤ እንግሊዝ ያወጣችለት ስም አለው፣ አርጀንቲና ያወጣችለት አለው፣ ቺሊ ያወጣችለት አለው። ቡልጋሪያ በ1994 የራሷን ኮሚሽን አቋቁማ እዚያው ሴንቲኔል ውስጥ ብዙ ቦታዎችን በከተሞቿና በመንደሮቿ ስም ጠርታለች፤ ስም ያልነበራቸውን ስለመረጠች አልወቅሳትም። ለአንድ ቦታ አንድ ስም የሚለውን መርሕ ሁሉም በቃል ይቀበለዋል። በተግባር እንዲጠበቅ ግን ትልቁ አገር መጀመር አለበት፣ በትልቁ ተራራ።

ማን ይባል? ራስ ዳሽን በሉት፣ በአንድ ጀግናችን ስም ጥሩት እያልኩ አይደለም። እንዲያ ካደረግሁማ ከቴሌኪ በምን ልለይ። የኔ ምርጫ የሰው ስም ባይሆን ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኩትን ታስታውሳላችሁ? ኤልስዎርዝ በአንድ በረራ ላይ ሁለት ዓይነት ስም ነበር ያወጣው፤ አንዱን ለሚስቱ፣ ሌሎቹን እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ብሎ። በ2017 እንግሊዞች በሳተላይት መረጃ ተራሮቻቸውን እንደገና ሲለኩ ተስፋ የተባለው ከተገመተው በ377 ሜትር ከፍ ብሎ 3,239 ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ እነሱ የኔ በሚሉት የአንታርክቲካ ክፍል ከሁሉ የሚበልጠው ጃክሰን ነው ሲባል ኖሮ ተስፋ በለጠው። ይህን ስም የትኛውም አገር ልጅ ሲሰማው የሚከፋበት ነገር የለም። ምክር ቤት አልነበረም፣ ሰነድ አልፈረመም፣ ጦር አላዘዘም። የአህጉሩ አናትም እንዲህ ያለ ስም ቢያገኝ ደስ ይለኛል፤ የስምምነቱ የመጀመሪያ አንቀጽ የሚናገረው ሰላም ራሱ አለ፣ አብሮ መሥራት አለ፣ ሳይንስ አለ። የግድ የሰው ስም ይሁን ከተባለ ደግሞ በረዶው ላይ የሠራ ሰው ይሁን።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። የአማካሪ ኮሚቴው በቅርቡ በሚያደርገው ስብሰባ ጫፉን የሚመለከት የስም ለውጥ አጀንዳ ይያዝ። ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ሐሳቡ ለስምምነቱ አገሮች የስም ኮሚቴዎች ሁሉ ይላክ፤ በተለይ ቦታው እኔ በምለው ድንበር ውስጥ ነው ለምትለው ለቺሊ። አባል ካልሆኑ አገሮች የሚመጣ አስተያየትም ይነበብ። አዲሱ ስም እስኪጸና ድረስ በስም ቋታችሁ ውስጥ ከቪንሰን ጎን ስለ ሰውዬው የተጻፈው መግለጫ ይስተካከል፤ አሁን የሚነግረን ለአሰሳ ያደረገውን ድጋፍ ብቻ ነው፣ በ1956 የፈረመውም አብሮ ይጻፍ።

ለአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ከናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ለቦርዱ በየስማችሁ አንድ አንድ ገጽ ጻፉ። የኔን አትገልብጡ፤ አንድ ዓይነት ደብዳቤ መቶ ጊዜ ከሚደርሳቸው አሥር የተለያየ ቢደርሳቸው ይሻላል። አስተማሪ የሆናችሁ ለተማሪዎቻችሁ ካርታውን አሳዩአቸውና እነሱ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቋቸው። ተራራ መውጣት የምትወዱ፣ እዚያ የደረሰ ሰው ካለም፣ የናንተ ቃል ከኔ ይበልጥ ይሰማል። ጂኦግራፊና ቅየሳ ያጠናችሁ ደግሞ የከፍታውን ነገር ተሳስቼ እንደሆነ አርሙኝ፣ ከመላኬ በፊት አስተካክለዋለሁ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። እምቢ ካላችሁም ምክንያቱን ጻፉልኝ፣ እዚሁ በአማርኛ ተርጉሜ አወጣዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ካርታ የሚወድ አንድ ኢትዮጵያዊ

ግልባጭ፦
ለአንታርክቲካ ምርምር ሳይንሳዊ ኮሚቴ፣ ካምብሪጅ
አማርኛ ለሚያነብ ሁሉ